እየጠፋ ያስቸገረ የጋዝ ኦቨን፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

በዚህች መጽሔት ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ሬዲዮ ድራማ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ ጋዝ ምድጃ ልጽፍ ነው። “የጋዜጠኝነት ተማሪን ከምድጃ ጋር ምን አገናኛት?” የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። የተወሳሰበን ነገር ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ሥራችን ከሆነ፣ ከራስ ማዕድ ቤት መጀመር ነውር የለውም። በዚያ ላይ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜዬ ቤታችን ከቃጠሎ የተረፈው ለጥቂት ነው። ያንን ቀን ካየሁ በኋላ አንድ ኦቨን እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚጠፋ፣ መቼ ተጠግኖ መቼ እንደሚጣል ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

እናቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬክና ዳቦ እየጋገረች ለልደት፣ ለክርስትናና ለማኅበር ትሸጣለች። የእኔም የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ የሚወጣው ከዚያው ነው። ምድጃዋ ከላይ አራት እሳት፣ ከሥር ደግሞ ኦቨን ያለው የቆየ ዕቃ ነው። የላዩ እሳት ምንም አይለውም። ጠበኛው ኦቨኑ ነው።

መጀመሪያ ላይ ችግሩ ቁልፉን ተጭነው ሲይዙት በርቶ ሲለቁት ድርግም ማለቱ ነበር። እናቴ በግራ እጇ ቁልፉን እንደያዘች ለደቂቃዎች ተንበርክካ ትቆያለች። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አመል አመጣ። እሺ ብሎ ይበራና ኬኩ መነሳት ሲጀምር፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። ኬክ የሚጋግር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መሐሉ ተንዶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይቀራል፤ ደግሞ ቢያበሩለትም አይነሳም። አንድ ጊዜ የክርስትና ኬክ እንደዚህ ሆኖባት ገንዘቡን መልሳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ማታ ሳታወራ ተኛች።

ከዚያ አንድ ወጣት ጠጋኝ ተጠራ። ካቻቢቴውን ይዞ መጣ፣ ፊቱን ፈታ፣ ሃያ ደቂቃ ታገለና “እትዬ፣ ካሁን በኋላ አይጠፋም፤ የሚያጠፋውን ነገር አውጥቼዋለሁ” አላት። እውነቱን ነው፤ አልጠፋም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ሰላም ሆነ። ሲለቁት ይበራል፣ እስኪበስል ይቆያል። እናቴ ጠጋኙን መረቀችው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት እናቴ የኦቨኑን በር ገጭ አድርጋ ዘጋችና ወደ ጓዳ ገባች። የበሩ ንፋስ እሳቱን አጥፍቶት ኖሯል። ጋዙ ግን መፍሰሱን አላቆመም። ቀድማ ያወቀችው መሬት ላይ ተቀምጣ የምትጫወተው ትንሿ እህቴ ናት። “እማዬ፣ ይሸታል” አለች። እናቴ ተመልሳ ኦቨኑ መጥፋቱን አየችና፣ እንደ ልማዷ ክብሪቱን አነሳች። ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ክብሪቱ አልተጫረም። በርና መስኮት ከፈትን፣ ሲሊንደሩን ዘጋን፣ ማብሪያ ማጥፊያ ሳንነካ በጨለማ ሦስታችንም ግቢ ወጣን።

ጠጋኙ “የሚያጠፋውን ነገር አውጥቼዋለሁ” ሲል ያወጣው ነገር ምን ነበር? ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል።

ከቁልፉ ጀርባ ያለው ዘበኛ

ጋዙ ከሲሊንደር ተነስቶ እሳት እስኪሆን ድረስ መንገዱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሬጉሌተሩ ላይ ይደርሳል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሬጉሌተሩ ቀንሶ ለቤት ምድጃ ወደ 30 ሚሊባር ገደማ ያደርሰዋል። ይህም በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ሲታይ ከመቶ ሦስት እጅ ማለት ነው። ከዚያ በጎማው ቱቦ አድርጎ ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ኖዝል ወደሚባለው የመርፌ ቀዳዳ ወደሚያክል የነሐስ ቁራጭ ይሄዳል። በዚያች ቀዳዳ በፍጥነት ሲወጣ አየር ስቦ ይደባለቃል፤ ተደባልቆም በማቃጠያው ቱቦ ላይ ይነዳል።

የኦቨን እሳት ግን ከላዩ እሳት የሚለይበት ነገር አለ። የላዩን እሳት ዓይናችን ያየዋል፤ ቢጠፋ እናውቃለን። የኦቨኑ እሳት ግን ከብረት ሥር፣ ከበር ጀርባ ተደብቋል። ስለዚህ በእኛ ፋንታ የሚያይለት ዘበኛ ያስፈልጋል። ዘበኛው ተርሞካፕል ይባላል። ከእሳቱ አጠገብ ተተክሎ ጫፉ የሚግል፣ እርሳስ የሚያህል ዘንግ ነው። ከእሱ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወደ ቁልፉ ጀርባ ይሄዳል።

አሠራሩ የቆየ ጥበብ ነው። በ1821 ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተገናኝተው አንደኛው መገናኛቸው ሲግል የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጠር የሚያሳየውን ክስተት አገኘ። ተርሞካፕሉ ይኸው ነው። ባትሪ የለውም፣ ቆጣሪ የለውም፤ እሳቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጭለታል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ደህና ተርሞካፕል ሲግል ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል። የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ከሆነ፣ ይህ የእሱ ሃምሳኛ እጅ እንኳ ለመሆን ይቸገራል። ቢሆንም በቁልፉ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማግኔት ለማንቃት ይበቃል። ማግኔቷ ደግሞ የጋዙን በር ክፍት አድርጋ ትይዛለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማግኔቷ አቅሟ ትንሽ ስለሆነ በሩን ስባ መክፈት አትችልም፤ የተከፈተውን ይዞ ማቆየት ብቻ ነው የምትችለው። ቁልፉን ተጭነን አሥር አሥራ አምስት ሴኮንድ የምንይዘው ለዚህ ነው። በሩን የምንከፍተው እኛ ነን፤ ተርሞካፕሉ እስኪግል ጠብቀን ለማግኔቷ እናስረክባታለን። እሳቱ በማንኛውም ምክንያት ቢጠፋ ዘንጉ ይቀዘቅዛል፣ ማግኔቷ ትደክማለች፣ ስፕሪንጉ በሩን ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ያ ወጣት ጠጋኝ አውጥቶ የጣለው ይህችን ማግኔት ነበር። ኦቨኑ የሚጠፋበት ምክንያት ሌላ ቦታ ነው፤ እሱ ያባረረው ግን “ችግር አለ” እያለ የሚጮኸውን ዘበኛ ነው። ሌባ መጣ ብሎ የጮኸውን ውሻ እንደማባረር ቁጠሩት።

ሲለቁት የሚጠፋና ቆይቶ የሚጠፋ አንድ አይደለም

ከዚያ ምሽት በኋላ የሰፈር ሰው አንድ በዕድሜ የገፉ ጠጋኝ አገናኘን። እኝህ ሰው መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት ጥያቄ ነው ያስቀደሙት። “የሚጠፋው መቼ ነው? እንደለቀቃችሁት ነው ወይስ ቆይቶ? የላዩ እሳት አብሮ ይደክማል? እሳቱ ሰማያዊ ነው ቢጫ?” እናቴ ስትመልስ እኔ ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚደረግ በክፍል ከተማርነው የማይተናነስ ትምህርት ነበር።

የጥያቄዎቹ ትርጉም ይህ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከተርሞካፕሉ ወይም ከማግኔቷ ነው። ዘንጉ በጥቀርሻ ተሸፍኖ ይሆናል፣ ከእሳቱ ርቆ ይሆናል፣ ከቁልፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም አርጅቶ ኃይሉ ወርዶ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ደህና ነድዶ ከዚያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ምክንያቱ እሳቱ ራሱ ነው፤ ጋዝ ወይ አየር አጥቷል ማለት ነው። የላዩም እሳት አብሮ ከደከመ ጉዳዩ ከምድጃው ውጪ፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ወይም ከሬጉሌተሩ ነው። የኦቨኑ ብቻ ከሆነ ኖዝሉን፣ ማቃጠያውንና የአየር መግቢያውን ማየት ነው።

የኛው ኦቨን ሁለቱም በሽታ ነበረበት። ሽማግሌው ተርሞካፕሉን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ጠርገው፣ ጫፉን ወደ እሳቱ አስጠግተው፣ በቴስተር ለኩት። ሲግል 7 ሚሊቮልት ነው የሰጠው። “ይኸ አርጅቷል፤ ጡረታ ይውጣ” አሉ። አዲስ ተርሞካፕል ተገዛ፤ ከምድጃው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ። የወጣችውንም ማግኔት በሌላ ተኩ። የመጀመሪያው ችግር በዚህ አበቃ።

ሁለተኛው ግን ረዘም አለ። የማቃጠያውን ቱቦ ሲፈቱ ከውስጡ የሸረሪት ድር ወጣ። ድሩ አየሩን ስለሚያግደው ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ ቢጫ ሆኖ ይነዳል፤ ጥቀርሻ ያወጣል፤ ያው ጥቀርሻ ደግሞ ተርሞካፕሉን ይሸፍነዋል። አንዱ በሽታ ሌላውን ሲወልድ እንዲህ ነው። ኖዝሉን በሞቀ የሳሙና ውኃ ነክረው ነፉት እንጂ በሽቦ አልወጉትም። ቀዳዳው በሽቦ ከሰፋ ጋዙ ከመጠን በላይ ይወጣልና።

ቀጥለው የኦቨኑን ወለል አይተው ሳቁ። እናቴ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብላ ከዳር እስከ ዳር ፎይል አንጥፋበት ነበር። በወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተቃጠለው አየር ወጥቶ አዲስ አየር እንዲገባ የተተዉ ናቸው። ፎይሉ ሲደፍናቸው እሳቱ የራሱን ጭስ እየተነፈሰ ቀስ በቀስ ይታፈናል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። “ንጽሕናዬ ነው የጎዳኝ በሉኛ!” አለች እናቴ።

የደብረ ብርሃን ብርድና የሲሊንደሩ ብርድ ልብስ

የቀረውን ምክንያት ያገኘነው ለብቻችን ነው። ኦቨኑ ከተጠገነ በኋላም በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣው፣ እሳቱ ይደክም ነበር።

በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ሁለት ጋዞች ናቸው፤ መጠናቸው እንደ አቅራቢው ይለያያል። ሁለቱም በሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ እንኳ ይፈላል። ቡቴን ግን የሚፈላው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቡቴኑ ፈሳሽ ሆኖ መቅረት ይጀምራል፤ ግፊቱም ይወርዳል። በዚያ ላይ ፕሮፔኑ ቀድሞ እየተነነ ስለሚያልቅ፣ ሲሊንደሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ የሚቀረው አብዛኛው ቡቴን ነው። “ጋዙ ገና ይንቦጫረቃል፣ ግን አይነድም” የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፤ ያንን ሙቀት የሚስበው በብረቱ በኩል ከአካባቢው አየር ነው። ኦቨኑና ሁለት የላይ እሳት አንድ ላይ ሲነዱ ሲሊንደሩ በላብ ይርሳል፣ አንዳንዴም በረዶ ይይዛል። እናቴ ታዲያ ለሲሊንደሩ አዝና ብርድ ልብስ ደርባለት ነበር! የብርድ ልብስ አገር ሰው ናትና አይፈረድባትም። ነገር ግን ብርድ ልብስ የራሱ ሙቀት ያለውን ሰው እንጂ ሲሊንደርን አያሞቅም። እንዲያውም ከአየሩ የሚያገኘውን ሙቀት ይከለክለዋል። መፍትሔው ብርድ ልብሱን አንስቶ፣ ሲሊንደሩን አየር በሚገባበትና ውርጭ በማያገኘው ቦታ ማቆም፣ ኦቨኑ ሲነድ የላዩን እሳት መቀነስ ነው። በእሳት፣ በከሰል ወይም በፍም ማሞቅ ግን በፍጹም አይታሰብም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። በአንድ ኩባያ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ ተለክቶ የተሠራ ኖዝል እዚህ ሲመጣ፣ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ጋዝ ያበዛል። በአሜሪካ ሲሠራበት የኖረው ደንብ ምድጃው ከ2,000 ጫማ በላይ በሆነ ቦታ ከተተከለ ለየ1,000 ጫማው ኃይሉ በ4 በመቶ እንዲቀነስ ያዛል። ደብረ ብርሃን ከ9,000 ጫማ በላይ ስለሆነች፣ በዚህ ስሌት ከሲሶ በላይ መቀነስ ነበረበት ማለት ነው። ሽማግሌው ጠጋኝ ይህን ስሌት አያውቁትም ይሆናል፤ ሆኖም የአየር መግቢያውን መስኮት እየከፈቱ እሳቱ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ሲያስተካክሉ ያደረጉት ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው።

ቤታቸው መኪና የሆነ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

በጉዳዩ ላይ ሳነብ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ስለ ትንንሽ የጋዝ ኦቨኖች ብልሽት በሰፊው የተጻፈው በአሜሪካ “አርቪ” ለሚባሉ ቤት ለሆኑ መኪናዎች ነው። አልጋ፣ መታጠቢያና ማዕድ ቤት ያላቸው እነዚህ መኪናዎች በፕሮፔን ሲሊንደር ይጠቀማሉ። የጋዝ ግፊታቸውም 27 ሚሊባር ገደማ ስለሆነ ከእኛ ምድጃ ብዙም አይርቅም። የተጠቃሚዎቹም እሮሮ የእናቴ እሮሮ ነው፦ “ሲለቁት ይጠፋል፣ ከሥር ያሳርራል፣ ከላይ ጥሬ ነው፣ ቁልፉ 180 ሲል ውስጡ ሌላ ነው።” መኪናው ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ተራራ ሲወጣ ደግሞ የደብረ ብርሃን ችግር ይጨመርበታል።

ከእነሱ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፣ ቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥር አለማመን ነው። የኦቨኑን ሙቀት የሚቆጣጠረው ተርሞስታት በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ዘንግ ነው፤ ፈሳሹ ሲሞቅ እያበጠ ጋዙን ይቀንሳል። ሲያረጅ ወይም ከመያዣው ሲወልቅ ይሳሳታል። በኦቨኑ ውስጥ የሚንጠለጠል ርካሽ ቴርሞሜትር ግን እውነቱን ይናገራል። ሁለተኛው፣ ሙቀቱን እኩል ለማድረግ ከመጋገሪያው ሥር በታችኛው መደርደሪያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሸክላ ማስቀመጥ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ይጠጣና በእኩል ይመልሰዋል። እኛ የተሰበረ የእንጀራ ምጣድ ነበረን! ከእሱ አንድ ቁራጭ አስተካክለን አስገባን። የኬኩ ቂጥ ማረሩን አቆመ። ጥንቃቄው፣ ሸክላው የወለሉን የአየር ቀዳዳዎች እንዳይደፍን ዙሪያውን ክፍት መተው ነው፤ አለበለዚያ የፎይሉ ታሪክ ይደገማል።

በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ሌላም የምንቀናበት ነገር አለ። የጋዝ ማሽተቻ መሣሪያ ከወለሉ አጠገብ ይገጠምላቸዋል። ለምን ከወለሉ አጠገብ? ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ሲፈስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል። ትንሿ እህቴ ከሁላችንም ቀድማ ያሸተተችው አፍንጫዋ ከእኛ ስለሚበልጥ አይደለም፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ስለነበር ነው።

ሽታው ከየት መጣ?

ጋዙ በተፈጥሮው ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ያ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት የሚሸተው ነገር ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው፤ ሜርካፕታን ይባላል። ልማዱ በሕግ እንዲጠነክር ያደረገው ከባድ አደጋ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1937 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለ ቦታ፣ በትምህርት ቤት ሥር ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ተጠራቅሞ ፈነዳ። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው ጋዝ እንዲሸት የሚያስገድድ ሕግ የወጣው። ስለዚህ ያን ሽታ ስናሸት “ይለመዳል” አንበል። የእነዚያ ልጆች ማስጠንቀቂያ ነው።

ሽታ ሲኖር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ምንም እሳት አይጫር፤ መብራት አይበራ፣ የበራም አይጥፋ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ ሰው ሁሉ ይውጣ። ጋዙ በየት እንደሚያፈስ የሚፈለገው በኋላ፣ በሳሙና አረፋ ነው። ቱቦው፣ ፋሸታው፣ ሬጉሌተሩና ጎሚኒው ላይ አረፋ ተቀብቶ የሚንፈቀፈቅ ቦታ ካለ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ጠጋኝ ካያችሁ፣ ሂሳቡን ከፍላችሁ አሰናብቱት።

ቢጫ እሳትም ሌላ አደጋ አለው። ጋዙ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ደግሞ አይሸትም። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱው ነው። ኦቨንን ቤት ለማሞቅ ብሎ በሩን ከፍቶ መተው እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር ያጓጓል፤ ግን አይደረግም።

ታዲያ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ወደ ርእሳችን እንመለስ። ተርሞካፕል፣ ኖዝል፣ ቱቦ፣ ሬጉሌተርና ጎሚኒ የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው፤ በእነሱ ምክንያት ምድጃ አይጣልም። ቱቦውማ ሳይበላሽም በየጊዜው መለወጥ ያለበት ነው፤ ሲታጠፍ ስንጥቅ የሚያሳይ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ቱቦ አይታለፍም። ነገር ግን የማቃጠያው ቱቦ በዝገት ከተበሳ፣ ቁልፎቹ ተጠግነውም የሚያፈሱ ከሆነ፣ በሩ አልገጥም ካለ፣ ወይም መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ፣ መጠገኑ ገንዘብ መጣል ነው።

የኤሌክትሪክ ኦቨን ልንገዛም አስበን ነበር። 2,000 ዋት የሚወስድ ኦቨን በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። የቤታችን ሽቦ ያረጀ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ማስቀየር ያስፈልጋል። መብራት ደግሞ ኬኩ መሐል ላይ ሲደርስ ከጠፋ፣ ከጋዙ ችግር በምን ተሻለ? በሌላ በኩል ጋዙ ከውጭ የሚገባ ነውና የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እናቴ ሁለቱን መዝና ጋዙን መረጠች፤ ሁለተኛ ሲሊንደር ገዝታ አንዱን ሁልጊዜ ሙሉ አድርጋ ትይዛለች።

አዲስ ለሚገዛ ግን ጥቂት ነገር ልጠቁም። በመጀመሪያ ዘበኛው መኖሩን ይጠይቅ፤ አንዳንዱ ምድጃ ለኦቨኑ አለው፣ ለላዩ ግን የለውም። ቀጥሎ ኖዝሉ ለሲሊንደር ጋዝ መሆኑን ያረጋግጥ። በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ፣ በሲሊንደር ጋዝ ሲበራ እሳቱ ይንበለበላል። ከውጭ ያገለገለ ምድጃ የሚያመጣ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቀድሞ ይንገረው። በመጨረሻም ተርሞካፕሉ እዚሁ አገር ይገኝ እንደሆነ ይጠይቅ።

እኛ አልቀየርንም። ኦቨኑ አሁን ሲለቁት ይበራል፣ በሩ ገጭ ብሎ እሳቱ ቢጠፋ ጋዙም አብሮ ይዘጋል። ሽማግሌው ሊሄዱ ሲሉ ሆን ብለው እሳቱን እፍ ብለው አጠፉትና “ቁጠሪ” አሉኝ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት ስል ከቁልፉ ጀርባ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። “ሰማሽ? ዘበኛው ዘጋ ማለት ነው። ማንም መጥቶ ይህን ላውጣው ቢልሽ፣ በር አሳዪው።”

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ኦቨናችሁን አብሩት፣ ቁልፉን ዘግታችሁ ሳይሆን እሳቱን አጥፍታችሁ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ቁጠሩ። በር ይከፈት፣ ክብሪትም አጠገባችሁ አይኑር። አንድ ደቂቃ አልፎ ቀጭ ካላለ፣ ሲሊንደሩን ዝጉና ጠጋኝ ጥሩ። ዘበኛው የለም ወይም ተኝቷል ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን!